በየ21 ደቂቃው ፈካ እያለች የምትደበዝዝ ኮከብ፤ ካሜራዬ ነው ወይስ ሰማዩ?

ብርዱ_ገደለኝ · ጥቅምት 11

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ። ዛሬ ግን ግራ የገባኝ ነገር አለ።

ትናንት ማታ ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብዬ ቴሌስኮፔን ተከልኩ። መስታወቱ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ትልቅ የሚባል አይደለም። ካሜራ ገጥሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል አንዲት ኮከብ ላይ ብቻ አነጣጥሬ በየ30 ሰከንዱ ፎቶ አነሳሁ። ኤፍኦ አኳሪ ትባላለች፤ ደለዊ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ናት። ከተለዋዋጭ ኮከቦች ዝርዝር ውስጥ ነው የመረጥኳት፤ በዚህ ወር አመሻሹ ላይ እኛ ጋ አናት ልትሆን ትንሽ ነው የሚቀራት። በባዶ ዓይን ግን አትታይም፤ 13 ተኩል ማግኒቲዩድ ገደማ ናት (የድምቀት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ኮከቧ ደብዛዛ ናት)።

ብርሃኗን ከጎረቤት ኮከቦች ጋር እያነጻጸርኩ ስለካ ግራፉ ጉብታ በጉብታ ሆነ። በየ21 ደቂቃው ገደማ ትደምቃለች፣ መልሳ ትደበዝዛለች። ልዩነቱ 20 ከመቶ ይሆናል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቴሌስኮፑን የሚያዞረውን ሞተር ነው። ግን የሞተሩ ጥርስ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ8 ደቂቃ ነው፤ አይገጥምም። ጎረቤቶቿ ኮከቦች ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ናቸው። ደመና አልነበረም። ብርዱን አታንሱብኝ።

አንድ ሙሉ ኮከብ በ21 ደቂቃ ውስጥ እንዴት ነው የሚደምቀውና የሚደበዝዘው?

ደለዊ_ነኝ

የኔም ኮከብ ደለዊ ነው። እኔም በየ21 ደቂቃው ስሜቴ ይለዋወጣል። ምክንያቱ ዛሬ ገና ገባኝ ሃሃሃ።

ጋሼ_መምህር

ልጄ፣ ካሜራህ ደህና ነው። ሰማዩን ነው ያየኸው።

እዚያች ነጥብ ውስጥ ያሉት ሁለት ኮከቦች ናቸው። አንደኛዋ ነጭ ድንክ ትባላለች፤ ነዳጇን ጨርሳ የሞተች ኮከብ ቅሪት ናት። ክብደቷ ከፀሐይ ጋር ይቀራረባል፣ ስፋቷ ግን የምድርን ያህል ነው። ሁለተኛዋ ከፀሐይ አነስ ያለች ተራ ኮከብ ናት። በጣም ተጠጋግተው በ4 ሰዓት ከ51 ደቂቃ አንድ ጊዜ ይዞራሉ። እንዲህ ከመጠጋታቸው የተነሳ ነጯ ድንክ ከጎረቤቷ ላይ ጋዝ ትቀማለች።

የተቀማው ጋዝ ቀጥ ብሎ አይወድቅም። እየተሽከረከረ ስለሚመጣ ዙሪያዋን እንደ ሰፌድ ይነጠፋል፤ ከዚያ ከጠርዙ ወደ መሃል ቀስ እያለ ይወርዳል። እዚህ ድረስ ማግኔት የሌላትም ነጭ ድንክ ታደርገዋለች። ይቺ ግን ኃይለኛ ማግኔት ናት። ጋዙ ጠጋ ሲል መግነጢሳዊው መስክ የሰፌዱን መሃል ይቀደዋል። ከዚያ ወዲያ ጋዙ የመስኩን መስመር ተከትሎ ወደ ሁለቱ ዋልታዎች ይሄዳል።

የቆርቆሮ ጣሪያ አስብ። ዝናቡ በጣሪያው ሁሉ ላይ ነው የሚዘንበው። አሸንዳው ግን ሰብስቦ አንድ ጥግ ላይ፣ አንድ በርሜል ውስጥ ያራግፈዋል። ማግኔቱ አሸንዳ ነው። በርሜሉ ዋልታው ጋ ነው ያለው። እዚያ ጋዙ በሰከንድ በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወርዶ ይጋጭና በአሥር ሚሊዮኖች ዲግሪ ይግላል። ትንሽዬ ቦታ ናት፣ ግን ታበራለች።

ነጯ ድንክ በ20.9 ደቂቃ አንዴ ትሾራለች። የጋለው ቦታም አብሯት ይዞራል። የአምቡላንስ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ይመስላል እንጂ ውስጡ ያለው አምፖል አይጠፋም፤ የሚዞር ነገር ስላለ ነው። ያንተም ግራፍ እንደዚያው ነው።

ደለዊ_ነኝ

ጋሼ በርሜል አሉ። ደለዊ ማለት እኮ ባልዲ ማለት ነው። ገጠመ!

ቤዛ_22

ጋሼ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጆች ሆነን ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጥተን አሸዋ ውስጥ ስንጎትተው የብረት ብናኝ ይለጠፍበት ነበር። ይሄ ጋዝ ግን ባብዛኛው ሃይድሮጂን ነው አይደል? ሃይድሮጂን ብረት አይደለም። ታዲያ ማግኔቱ እንዴት አድርጎ ይስበዋል?

ጋሼ_መምህር

ተባረኪ፣ ይሄን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ስጠብቀው ነበር።

ማግኔቱ አይስበውም። የሚስበው ስበት ነው። ማግኔቱ መንገድ ነው የሚያሳየው።

ጋዙ ከመጋሉ የተነሳ ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቹ ተላቀዋል። ስለዚህ ቅንጣቶቹ ሁሉ ኤሌክትሪክ ቻርጅ አላቸው። ቻርጅ ያለው ነገር የመስኩን መስመር ማቋረጥ አይችልም፤ ሲሞክር ይጠመዝዘዋል። መስመሩን ይዞ ለመሄድ ግን የሚከለክለው የለም። እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ መስመሩን እየዞረ ይወርዳል። የስፒከሩ ማግኔትና ይሄኛው ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሥራቸው ይለያያል።

ሰፌዱ የት ላይ ይቀደዳል ካልሽኝ፣ የመስኩ ግፊት የጋዙን ግፊት የሚያሸንፍበት ቦታ ላይ ነው። ይሄ ድንበር ባለበት አይቆምም። ብዙ ጋዝ ሲመጣ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ሲያንስ ወደ ውጭ ይሰፋል።

አናጢው

ጋዝ ስለወደቀ ብቻ ይሄ ሁሉ ብርሃን? የሚነድ ነገር የለም?

ጋሼ_መምህር

የህዳሴ ግድብ ምን ያነዳል? ውሃ ስለወደቀ ብቻ 5150 ሜጋ ዋት። እዚያ ውሃው የሚወድቀው መቶ ምናምን ሜትር ነው። ነጭ ድንክ ላይ የሚወድቅ ጋዝ ግን መሬት ሲነካ በሰከንድ 5000 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። አስላው። አንድ ኪሎ ጋዝ ብቻ ወድቆ የሚሰጠው ኃይል፣ ግድቡ ሁሉም ተርባይኖች እየሠሩ በ40 ደቂቃ ከሚያመነጨው ጋር እኩል ነው። አንድ ኪሎ!

ደቡብ_ሰማይ

ጋሼ በጣም ግሩም ነው ያስረዱት። ከይቅርታ ጋር አንዲት ነገር ላርም። ኬፕታውን ነው ያለሁት፤ የማስተርስ ሥራዬም በእንደነዚህ ኮከቦች ላይ ነው።

የአምቡላንሱ ምሳሌ ግማሽ መንገድ ይወስዳል። ምሳሌው እውነት ከሆነ ዋልታው ወደ እኛ ሲዞር መድመቅ ነበረበት። በብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ኮከቦች ግን ተቃራኒው ነው የሚታየው። ጋዙ በቀጭን ቱቦ አይደለም የሚወርደው፤ እንደ መጋረጃ ሰፋ ብሎ ነው። የላይኛው ዋልታ ወደ እኛ ሲዞር መጋረጃውም በእኛና በጋለው ቦታ መሃል ይገባና ይጋርደናል። ፊቱን ወደዚያ ሲያዞር መጋረጃው ከመንገዱ ይወጣል፤ ያኔ ይደምቃል። በምን ታወቀ? ደካማው ኤክስሬይ ከጠንካራው በላይ ይቀንሳል። ጋዝ የሚጋርደው ቀድሞ ደካማውን ነው። ቦታው ከዓይናችን ዞሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል ይቀንሱ ነበር።

ብርዱ፣ አንተ ደግሞ ፋይልህን ለጥፈህ አየሁት። ሰዓቱ ላይ "2፡14 PM" ይላል። በቀን ነው እንዴ ኮከብ የምታነሳው?

ብርዱ_ገደለኝ

ወይኔ። ላፕቶፑን በኛ ሰዓት አቆጣጠር ነው የሞላሁት። ከምሽቱ 2፡14 ማለቴ ነው። ይቅርታ፣ ወደ ዓለም አቀፉ ቀይሬ መልሼ እለጥፋለሁ።

ደቡብ_ሰማይ

ሃሃ ችግር የለም፣ እኔም አንዴ እንደዚሁ ስድስት ሰዓት አሳስቼ አስተማሪዬን አስቄበታለሁ። ሰዓቱን ወደ ፀሐይም መልሰው፤ ማለትም ብርሃኑ ፀሐይ ጋ የሚደርስበት ሰዓት አድርገህ አስላው። ምድር በምህዋሯ ላይ ወዲያና ወዲህ ስትል ብርሃኑ እስከ 8 ደቂቃ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ለ21 ደቂቃ ምት 8 ደቂቃ ቀልድ አይደለም።

ሌላ ነገር። ባንድ ሌሊት 3 ሰዓት አይበቃም። የኤፍኦ አኳሪ ምት አንድ ብቻ አይደለም፤ 20.9 ደቂቃ አለ፣ 22.5 ደቂቃም አለ። በ3 ሰዓት ውስጥ ሁለቱን መለየት አትችልም። ቢያንስ አንድ ሙሉ ምህዋር፣ ማለትም ወደ 5 ሰዓት፣ ከተቻለም ሁለት ሌሊት ያስፈልግሃል።

ቤዛ_22

22.5ቱ ደግሞ ከየት መጣ?

ደቡብ_ሰማይ

የእጅ ሰዓትሽን እዪው። 12 ሰዓት ላይ ረጅሙና አጭሩ ቀስት ተደራርበዋል። ረጅሙ በ60 ደቂቃ ዞሮ ይመለሳል። አጭሩ ግን ጥቂት ተራምዷል። እሱን ለመድረስ ሌላ 5 ደቂቃ ከምናምን ይጨምራል።

እዚህም እንደዚያው ነው። ነጯ ድንክ በ20.9 ደቂቃ አንዴ ትዞራለች። ግን በዚህ መሃል ጋዙን የምትሰጠው ጎረቤቷ በምህዋሯ ላይ ትንሽ ሄዳለች። ያው ዋልታ እንደገና ጎረቤቷ ፊት ለመድረስ 22.5 ደቂቃ ይፈጅበታል።

ሰፌዱ ደልቦ ሲቀመጥ ጋዙ ከየት እንደመጣ ይረሳዋል፤ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይቀዳል። ያኔ የሚታየው 20.9 ነው። ሰፌዱ ሲሳሳ ግን ጋዙ ከጎረቤቷ ተወንጭፎ በቀጥታ ማግኔቱ ላይ ያርፋል፤ የትኛው ዋልታ በዚያ በኩል እንዳለ ወሳኝ ይሆናል። ያኔ 22.5ቱ ይጎላል። እንግዲህ ከሁለት ቁጥሮች ተነስተን፣ በዓይናችን ልናየው የማንችለው ጋዝ በየት በኩል እየተቀዳ እንደሆነ እናውቃለን ማለት ነው። እኔን እዚህ ሥራ ውስጥ ያስገባኝ ይሄ ነው።

ማን_አየው

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። በአክብሮት ነው የምጠይቀው። ሰፌድ፣ አሸንዳ፣ መጋረጃ፣ ባልዲ... ወጥ ቤት ገባን እንዴ? ያላችሁ እኮ አንዲት ነጥብ ናት። ማን አየው? ኮከቧ ራሷ እንደ ልብ ብትመታስ? እንዲህ የሚያደርጉ ኮከቦች እንዳሉ አንብቤያለሁ።

ደቡብ_ሰማይ

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። እንዲያውም በየጥቂት ደቂቃው የሚርገበገቡ ነጭ ድንኮች አሉ። ግን ሦስት ነገሮች አንድ ላይ አልገጥምልህ ይላሉ።

ኤፍኦ አኳሪ መጀመሪያ የታወቀችው በ1970ዎቹ መጨረሻ በኤክስሬይ ነው። ኤክስሬዩም በዚያው በ20.9 ደቂቃ ነው የሚመታው። የሚርገበገብ ነጭ ድንክ ገጹ በአሥር ሺህ ምናምን ዲግሪ የሚለካ ነው፤ እንዲህ ያለ ጠንካራ ኤክስሬይ ከየት ያመጣል?

ሁለተኛው የሚገርመኝ ነው። በ2016 ኮከቧ ድንገት ደበዘዘች። ወደ ሁለት ማግኒቲዩድ ወረደች። እንዲህ መሆኗ ሲታወቅ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከጎረቤቷ የሚመጣው ጋዝ ቀንሶ ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? 20.9ኙ ደከመ፣ 22.5ቱ ከነግማሹ (11 ደቂቃ ከሩብ ገደማ) ጎላ። ቀስ በቀስ እያገገመች ስትመጣ 20.9ኙም ተመለሰ። ምቱ ከውስጧ የሚመጣ ልብ ቢሆን፣ ምግቡ ሲቀንስ የምቱ ቁጥር ወደ ጎረቤቷ ምህዋር ለምን ይዞራል?

ሦስተኛው ፍጥነቷ ነው። ከ1987 ገደማ ጀምሮ ሽክርክሯ እየፈጠነ ነበር፤ የሚወድቀው ጋዝ እንደ እንዝርት ያሾራታል። ከ2014 ገደማ ወዲህ ግን መዘግየት ጀምራለች።

ማን_አየው

የ2016ቱ ነገር ጥሩ ነው፣ አልክድም። ማግኔቱስ? እሱን ማን ለካው?

ደቡብ_ሰማይ

ለዚህ ወደ ሌላ ኮከብ ልውሰድህ። ኤኤም ሄርኩሊስ። ተለዋዋጭ መሆኗን ጀርመናዊው ማክስ ቮልፍ በ1923 መዝግቧታል፤ ከዚያ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ማንም ብዙ ትኩረት አልሰጣትም። በ1976 ሳንቲያጎ ታፒያ አሪዞና ላይ ሆኖ ብርሃኗን በፖላራይዘር (የብርሃን ሞገድ በየት አቅጣጫ እንደሚርገበገብ በሚለይ መሣሪያ) ሲለካ ብርሃኑ ተጠምዝዞ አገኘው። ተራ ትኩስ ነገር እንዲህ አያበራም። ኤሌክትሮኖች በጣም ጠንካራ በሆነ የማግኔት መስመር ዙሪያ ሲሽከረከሩ ብቻ ነው እንዲህ ዓይነት ብርሃን የሚወጣው። በእሷ የተጀመረው የኮከብ ጎራ ከዚህ ብርሃን የተነሳ "ፖላር" ይባላል።

ጥንካሬው 14 ሚሊዮን ጋውስ ገደማ ነው። የምድር ግማሽ ጋውስ ነው። ፍሪጅ ላይ የምትለጥፈው መቶ ገደማ።

እዚያ ማግኔቱ ከመጠንከሩ የተነሳ ሰፌድ እንኳ የለም። ጋዙ ከጎረቤቷ እንደወጣ ማግኔቱ ይቀበለዋል። ሁለቱ ኮከቦችም ተቆላልፈው በ3 ሰዓት ከ6 ደቂቃ አብረው ይዞራሉ፤ ሁልጊዜ ፊት ለፊት። ሰፌድ ደግሞ እንደ ጎተራ ነው፤ የመጣውን ያከማቻል። ጎተራ የሌለው ቤት ዝናቡ የቀረ ዕለት ነው የሚራበው። ስለዚህ ኤኤም ሄርኩሊስ ጋዙ ሲቀንስ ወዲያው ከ13 ወደ 15 ማግኒቲዩድ ትወርዳለች፣ ለወራትም ትቆያለች። ጋዙ ለምን ይቀንሳል ለሚለው ብዙዎች የሚያምኑት የጎረቤቷ ኮከብ ነጠብጣብ ነው። እንደ ፀሐይ ነጠብጣብ ያለ ጥቁር ቦታ በትክክል መፍሰሻው አፍ ላይ ሲመጣ ያፍነዋል ይላሉ።

(ኢትዮጵያ ላላችሁ፦ በደንብ የምትታይበት ሐምሌ ነው፣ ማለትም ክረምት። ግንቦት ላይ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሞክሩ።)

አናጢው

ይሄ ሁሉ ነጭ ድንክ ላይ ነው። ከነጭ ድንክም በላይ የተጨመቀው የሞተ ኮከብ፣ ኒውትሮን ኮከብስ?

ደቡብ_ሰማይ

እሱማ የባሰ ነው! ግን ታሪኩ ከጎረቤታችን ስለሚጀምር ደስ እያለኝ ነው የምነግርህ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 በኛ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1970 በፈረንጆቹ፣ ከኬንያ የባህር ጠረፍ ማሊንዲ አጠገብ፣ ባህር ላይ ከቆመ የጣሊያኖች መድረክ አንዲት ሳተላይት ተወነጨፈች። ሥራዋ ኤክስሬይ ብቻ መፈለግ ነበር። ቀኑ የኬንያ የነፃነት በዓል ስለነበር "ኡሁሩ" አሏት፤ በስዋሂሊ ነፃነት። በማግስቱ ዓመት ሴንታውረስ ኤክስ 3 የተባለች ምንጭ በየ4.8 ሰከንዱ ስትመታ አገኘች። ሄርኩለስ ኤክስ 1 ደግሞ በየ1.24 ሰከንዱ። ሥራውን የመራው ሪካርዶ ጃኮኒ በ2002 ኖቤል ወሰደ።

አሠራሩ ያው ነው። ማግኔት፣ አሸንዳ፣ ዋልታ። የሚለየው መጠኑ ነው። ኒውትሮን ኮከብ ስፋቷ ከአንድ ከተማ አይበልጥም፤ ማግኔቷ ግን እንደ ሄርኩለስ ኤክስ 1 ባለችው ላይ በሚሊዮን ሚሊዮኖች ጋውስ ነው። ጋዙ የሚደርሰው የብርሃንን ፍጥነት ግማሽ ያህል ሆኖ ነው። ማን_አየው፣ ይሄንንም ማን ለካው ካልከኝ፣ በ1976 ዮአኪም ትሩምፐርና ባልደረቦቹ መሣሪያቸውን በባሉን አውጥተው ኤክስሬዩ ውስጥ የማግኔቱን አሻራ አገኙት።

ቤዛ_22

ማግኔቷ ቶሎ ቶሎ ብትዞርስ? ጋዙ መሬት ከመንካቱ በፊት አሽቀንጥራ አትጥለውም?

ጋሼ_መምህር

ወንጭፍ! ልጅቷ ራሷ ደረሰችበት። ኢላሪዮኖቭና ሱንያየቭ የተባሉ ሁለት የሶቪየት ሳይንቲስቶች በ1975 የጻፉት ይሄንኑ ነው። ድንበሩ ላይ ማግኔቱ ከጋዙ ፈጥኖ የሚዞር ከሆነ ጋዙ መውረጃ የለውም፤ ይወነጨፋል።

ምሳሌው ከዚሁ ከደለዊ ሳንወጣ አለ። ኤኢ አኳሪ የምትባለው ነጭ ድንክ በ33 ሰከንድ አንዴ ትሾራለች። ጎረቤቷ ጋዙን ትልክላታለች፣ እሷ አብዛኛውን ትመልስባታለች። መወንጨፉም ጉልበት ስለሚፈጅ ራሷ ቀስ በቀስ እየዘገየች ነው።

ደለዊ_ነኝ

የተሰጣትን የማትቀበል። ይቺስ የኔ ኮከብ ናት።

አናጢው

ፀሐያችን እንዲህ ሆና ታውቃለች?

ጋሼ_መምህር

ከሞተች ጓደኛ ጋር አይደለም እንጂ ሳታድግ በፊት አዎ። የዛሬ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በራሷ ሰፌድ ተከባ ነበር፤ ፕላኔቶቹ የተጋገሩት ከሱ ነው። ዛሬ ቲ ታውሪ የሚባሉት ሕፃናት ኮከቦች ያንኑ እያደረጉ ናቸው። ማግኔታቸው በሺዎች ጋውስ ነው፣ ጋዙም በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚወርደው። የእነሱ ግን እንደ ብርዱ ግራፍ በደቂቃ አይደለም፤ በቀናት ነው የሚደምቁት የሚደበዝዙት።

ብርዱ_ገደለኝ · ጥቅምት 17

ተመለስኩ። ሁለት ሌሊት፣ እያንዳንዱ 5 ሰዓት። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ጤዛው መስታወቱን ሊሸፍነው ሲል የእናቴን ፀጉር ማድረቂያ በመኪና ባትሪ አስነሥቼ አደረቅሁት (አትንገሩብኝ)።

ሰዓቱን ወደ ዓለም አቀፉ፣ ከዚያ ወደ ፀሐይ ቀየርኩ። ውጤቱ፦ 20.9 ደቂቃ ላይ ትልቅ ጫፍ። 22.5 ላይ ትንሽ፣ ግን አለ። ግራፉን ከታች ለጥፌዋለሁ። ደቡብ_ሰማይ፣ ሰፌዱ አለ ማለት ነው አይደል?

ደቡብ_ሰማይ

አለ! ደህና ደልቧል። ትንሿ 22.5 ምናልባት ከሰፌዱ በላይ ዘሎ የሚያልፍ ጥቂት ጋዝ ነው። ቁጥሮቹን ለአሜሪካ ተለዋዋጭ ኮከብ ተመልካቾች ማኅበር ላክላቸው፤ ከየትም አገር ይቀበላሉ። የ2016ቱ መደብዘዝ ውስጥም እንዳንተ ያሉ ሰዎች ልኬት አለበት። ሽክርክሯ እየዘገየ ስለሆነ የእያንዳንዱ ጉብታ ሰዓት ይፈለጋል። ያንተ ኬንትሮስ ላይ ደግሞ ብዙ ተመልካች የለም።

ማን_አየው

ግራፉን አየሁት። ጎረቤት ኮከቦቹን ራሴ መልሼ ለካኋቸው፤ ቀጥ ያሉ ናቸው። እሺ።

ቅዳሜ ትወጣለህ? መኪና አለኝ፣ ከአዲስ አበባ ነው የምመጣው።

ብርዱ_ገደለኝ

እወጣለሁ። ጋቢ ያዝ። ሁለት።